ዋሻና ሁለቱ አፎቹ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ «የከተማ አውራ ጎዳና ዋሻዎችና ከላይ የሚያገናኙዋቸው መንገዶች እንዴት ይሠራሉ?» በሚል ርእስ እንድናገር በጋበዘኝ ጊዜ፣ ከአጠገቤ የነበረ አንድ ወዳጄ ሳቀብኝና «አንተ የሰቆጣ ልጅ! የአገርህን መንገድ በየክረምቱ ጎርፍ እየበላው የከተማ ዋሻ ከየት አምጥተህ ልታስተምረን ነው?» አለኝ። ቀልዱን በቀልድነቱ ተቀበልሁት። ቤቴ ገብቼ ነገሩን ሳወጣ ሳወርደው ግን፣ ስለ ዋሻ የማውቀውን ዋናውን ነገር የተማርሁት በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ሳይሆን በዚያው በዋግ ተራራ ላይ መሆኑን ተረዳሁ። ስለዚህ ንግግሬን ከዚያ ጀምሬ፣ በአዲስ አበባና በውጭ አገር አዙሬ፣ ተመልሼ በዚያው እፈጽማለሁ። የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአገራችን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

የንግግሬ ጭብጥ በአጭሩ ይህ ነው፤ የዋሻ ሥራ የሚመዘነው በሆዱ ርዝመት ሳይሆን በሁለቱ አፎቹ ነው። በአፉ የሚገባው ውኃ፣ በአፉ የሚገባውና የሚወጣው አየር፣ በአፉ ላይ የሚገናኘው የላይኛው መንገድ በሚገባ ካልታሰበ፣ በውስጡ የፈሰሰው ሲሚንቶና ብረት ሁሉ ከንቱ ድካም ይሆናል። የዋሻን ሆድ ቆፍሮ ማሳለፍ የጉልበትና የመሣሪያ ጉዳይ ነው፤ አፉን ማበጀት ግን የማስተዋል ጉዳይ ነው።

የቀደሙት ጠራቢዎች

ዓለት መፈልፈል ለአገራችን እንግዳ ሞያ አይደለም። ከሰቆጣ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ የሚገኘው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ስሙ ራሱ የሥራውን ዓይነት ይናገራል፤ ወቀረ ማለት ድንጋይን ጠርቦ ፈለፈለ ማለት ነውና። ከሰቆጣ ወደ ደቡብ ስንጓዝ ደግሞ የዛጉዌ ነገሥታት መዲና የነበረችውን ላሊበላን እናገኛለን። በዚያ ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል በኩል ያለውን ጨለማ መተላለፊያ በእጁ ግድግዳውን እየዳሰሰ ያለፈ ተሳላሚ፣ ዋሻ ምን ማለት እንደ ሆነ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

ለእኛ ለመሐንዲሶች ግን ከጨለማው ይልቅ ሊያስደንቀን የሚገባው የሥራው ቅደም ተከተል ነው። ግንበኛ ከመሠረት ተነሥቶ ወደ ላይ ይሠራል፤ የላሊበላ ጠራቢዎች ግን ከላይ ወደ ታች ሠሩ። አስቀድመው ዙሪያውን ጥልቅ ቦይ አወጡ፤ ከዚያም በመካከል የቀረውን ዓለት ከጣሪያው ጀምረው ጠረቡት። እንዲህ ያለው ሥራ ስሕተትን አይታገሥም፤ ግንበኛ የተበላሸውን ድንጋይ አውርዶ ሌላ ሊያስገባ ይችላል፤ ጠራቢ ግን አንድ ጊዜ የቆረጠውን መልሶ ሊተካው አይችልም። ደግሞም ዙሪያውን ያወጡት ቦይ በክረምት ኩሬ እንዳይሆን ወለሉን ተዳፋት አደረጉት፤ ዝናቡም ከቦይ ወደ ቦይ እየተላለፈ ወደ ዝቅተኛው ሥፍራ እንዲወርድ መውጫ አበጁለት። ያንን መውጫ ባያስቡ ኖሮ፣ ያ ለስላሳ ቀይ ድንጋይ ስምንት መቶ ዓመት ክረምት ሊሸከም ባልቻለም ነበር። የመጀመሪያው ትምህርታችን እንግዲህ ይህ ነው፤ ዋሻ ከመቈፈሩ በፊት የውኃው መሄጃ ይታሰባል።

የጣርማ በር ዋሻ

በዘመናዊው የመንገድ ሥራ ታሪካችን ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው የጣርማ በር ዋሻ አለ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከደብረ ሲና በላይ፣ ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተቈፍሮ የተሠራ 587 ሜትር ርዝመት ያለው ዋሻ ነው። ብዙ ዘመን ያለ ሌላ አማራጭ የሰሜኑን ትራፊክ አሳልፏል። የሰቆጣም ሰው ወደ መሀል አገር በወልድያና በደሴ በኩል ሲመጣ በዚያው ሾልኮ ነው የሚያልፈው።

ይሁን እንጂ ልብ እንበል። ተሳፋሪው ዋሻውን በአንድ ደቂቃ ገደማ ያልፈዋል፤ ከዋሻው አፍ እስከ ደብረ ሲና ያለውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ግን ብዙ ደቂቃ ይወርደዋል። ፍሬን የሚግለው፣ ጭጋግ የሚጋርደው፣ ተዳፋቱ የሚንሸራተተው በዚያ ነው። የደብረ ሲና ተዳፋት የመሬት መንሸራተት በተደጋጋሚ የታየበት መሆኑን በሥነ ምድር ሞያ የተሰማሩ ባልደረቦቻችን በሚገባ አጥንተውታል። የዋሻው ሆድ ጸንቶ ሳለ አስጊው ከአፉ ውጭ ያለው መንገድ ነው ማለት ነው። በተራራ ላይ ያየነው ይህ ነገር በከተማም መልኩን ቀይሮ ይገኛል።

በከተማ ውስጥ ቆርጦ መሸፈን

አሁን ወደ ተሰጠኝ ርእስ እገባለሁ። በከተማ ውስጥ የዋሻ መንገድ በሦስት ዋና ዋና ዘዴዎች ይሠራል።

የመጀመሪያው ቆርጦ መሸፈን ነው። በቅርብ ዓመታት በአዲስ አበባ ከፑሽኪን አደባባይ በቄራ በኩል እስከ ጎተራ ማሳለጫ የተሠራውን መንገድ ያየ ሁሉ ይህን ዘዴ ለማሰብ አይቸገርም፤ መንገዱ 3.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን 320 ሜትር ያህል የዋሻ ክፍል አለው። በዚህ ዘዴ በቅድሚያ ከመሬት በታች ያሉት የውኃ፣ የመብራት፣ የስልክና የፍሳሽ መስመሮች ይዛወራሉ። ይህ በወረቀት ላይ ትንሽ መስሎ በሥራ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚበላ ክፍል መሆኑን ያልቀመሰው ከእኛ መካከል የለም። ቀጥሎ በሁለቱ ጎኖች የአርማታ ግድግዳ ወይም ተራ በተራ የተተከሉ የአርማታ ምሰሶዎች ወደ መሬት ይወርዳሉ፤ በመካከላቸው ያለው አፈር ይወጣል፤ ወለሉና ጣሪያው ይሞላል፤ ውኃ የማያሳልፍ ሽፋን ይነጠፋል፤ በላዩም ገረጋንቲ ተመልሶ ይደለደላል። መንገዱን ለረጅም ጊዜ መዝጋት በማይቻልበት ሥፍራ ደግሞ ጣሪያው አስቀድሞ ይሠራና ትራፊኩ በላዩ እያለፈ ቊፋሮው ከሥር ይቀጥላል። ይህም ከላይ ወደ ታች መሥራት ነውና፣ ከቀደሙት ጠራቢዎች ሥርዓት ጋር የሚመሳሰል ነገር አለው።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። ለጭነት መኪና የሚበቃ 5 ሜትር ያህል ነጻ ቁመት ይፈለጋል። የማራገቢያውን ቦታ፣ የጣሪያውን ውፍረትና በላዩ የሚነጠፈውን መንገድ ስንጨምርበት፣ የታችኛው መንገድ ከላይኛው በትንሹ 7 ሜትር መውረድ ይኖርበታል። ቁልቁለቱ ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ካደረግን፣ 7 ሜትር ለመውረድ 140 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። ቁልቁለቱ በሚጀምርበትና በሚያልቅበት ሥፍራ መንገዱ ቀስ ብሎ እንዲጎብጥ ማድረግ ግድ ስለሆነ፣ በአንድ ወገን እስከ 200 ሜትር፣ በሁለቱም ወገን እስከ 400 ሜትር እንደርሳለን። 300 ሜትር ለመሸፈን 400 ሜትር ክፍት ጉድጓድ እንሠራለን ማለት ነው። በእነዚያ 400 ሜትሮች ግራና ቀኝ ያለው ሰፈር ለሁለት ይከፈላል፤ ገበያና ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ የሚሄደው እግረኛ መሻገሪያ ያጣል። እንግዲህ የእግረኛው ድልድይና የሰፈሩ መንገድ ከዋሻው ጋር አብሮ ካልታቀደ፣ ለመኪና ያሳጠርነውን መንገድ በእግረኛው ላይ አስረዘምነው ማለት ይሆናል።

ስለ ውኃውም እንዲሁ እናስላ። ቁልቁለቱ 200 ሜትር ርዝመትና 20 ሜትር ስፋት ቢኖረው 4,000 ካሬ ሜትር ሰማይ ይቀበላል። በአንድ ሰዓት 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል፣ ከዚያ ቁልቁለት ብቻ 200 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 200,000 ሊትር ውኃ ወደ ዋሻው ይወርዳል። ከአካባቢው መንገድ የሚመጣው ጎርፍ በዚህ ላይ ከተጨመረ መጠኑ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት መንገዱ ጥቂት ከፍ ብሎ ጎርፉን እንዲመልስ ይደረጋል፤ በዋሻው አፍ ላይ በብረት ፍርግርግ የተሸፈነ ተሻጋሪ ቦይ ይሠራል፤ በዝቅተኛው ሥፍራ የውኃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድና ፓምፕ ይቀመጣል፤ መብራት ሲጠፋ ፓምፑን የሚያሠራ ጄኔሬተርም ይዘጋጃል። የክረምት ዝናብና የመብራት መቋረጥ በአንድ ሰዓት እንደሚመጡ አዲስ አበባ ለኖረ ሰው ማስረዳት አያሻም።

በጥልቀት መቈፈር

ሁለተኛውና ሦስተኛው ዘዴ ላይኛውን ሳይነኩ በጥልቀት መቈፈር ነው። በአንደኛው መንገድ ዓለቱ በድማሚት ወይም በሚፈለፍል መኪና ጥቂት ጥቂት ሜትር እየተከፈተ፣ ወዲያው የብረት ችንካር ይመታበታል፤ በአየር ግፊት የሚረጭ አርማታም ይለበጥበታል። ኦስትሪያውያን መሐንዲሶች በ1950ዎቹ ስም ሰጥተው ያስፋፉት ይህ ዘዴ፣ ዓለቱ ራሱን በራሱ እንዲሸከም ማገዝን መሠረት ያደርጋል። የግድግዳው እንቅስቃሴ በየቀኑ ይለካል፤ መሐንዲሱም የነገውን የሚወስነው የዛሬውን ልኬት አይቶ ነው። በሌላው መንገድ ደግሞ እንደ ዋሻው ክበብ የሰፋ ራስ ያለው ግዙፍ ቆፋሪ መኪና ከፊት እየፈለፈለ፣ ከኋላው አስቀድሞ የተዘጋጀ የአርማታ ቀለበት እየገጠመ ይሄዳል።

መኪናው ሲፈጥን ዓይን ይማርካል። ነገር ግን ፊት ለፊቱ ያለውን መሬት የሚያውቀው መኪናው ሳይሆን አስቀድሞ ያጠናው ሰው ነው። ለዚህም ምስክሩ በአገራችን አለ። የጊቤ ሁለት ኃይል ማመንጫ ውኃ የሚያልፍበት ዋሻ 26 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። በጥቅምት ወር 1999 ዓ.ም. ከሚቈፍሩት መኪናዎች አንዱ የላላ መሬት አጋጠመው፤ ከፊት የመጣው ጭቃ ያንን የሚያህል መኪና ወደ ኋላ ገፋው። በጎኑ ሌላ ማለፊያ እየተቈፈረ መኪናውን ለማስለቀቅ ብዙ ጊዜ ጠፋ። ማመንጫው በጥር ወር 2002 ዓ.ም. ከተመረቀም በኋላ ብዙ ሳይቆይ የዋሻው አንድ ክፍል ተንዶ ውኃው ቆመ፤ ጥገናውም ወራት ፈጀ። ከ26 ኪሎ ሜትር ውስጥ የተበላሸው እጅግ ጥቂት ሜትር ነበር፤ ያለ እነዚያ ሜትሮች ግን የቀረው ሁሉ ሥራ ፈት ሆነ። ይህን የማነሣው ያንን ታላቅ ሥራ የሠሩትን ለመንቀፍ አይደለም፤ ከተራራ ሥር ያለ መሬት የሚያስከፍለውን ዋጋ ለማስታወስ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው ለእንጀራ ጋጋሪ ብቻ አይደለም።

አየርና እሳት

የከተማ ዋሻ የውኃ ዋሻ ስላልሆነ ሰው ይተነፍስበታል። በአጭር ዋሻ ውስጥ መኪናዎቹ ራሳቸው የሚገፉት አየር ጭሱን ሊያወጣው ይችላል፤ ዋሻው ሲረዝም ግን ከጣሪያው የሚንጠለጠሉ ማራገቢያዎች፣ ከዚያም ሲያልፍ የአየር ማውጫ ጉድጓዶች ግድ ይሆናሉ። የማራገቢያው ዋና ሥራ በሰላሙ ቀን የሚሠራው አይደለም፤ እሳት በተነሣ ቀን ጭሱን ወደ አንድ ወገን ገፍቶ ሰው በሌላው ወገን እንዲያመልጥ ማድረጉ ነው።

በመጋቢት ወር 1991 ዓ.ም. በፈረንሳይና በጣሊያን መካከል ባለው የሞን ብላን ዋሻ ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ተቃጠለ። ጭነቱ ቤንዚን ወይም ፈንጂ አልነበረም፤ ዱቄትና ማርጋሪን ነበር። 39 ሰዎች ሞቱ። ዋሻው 11.6 ኪሎ ሜትር ሲረዝም ትራፊኩ በሁለት አቅጣጫ የሚተላለፍበት አንድ ቀዳዳ ብቻ ነበረው፤ የተለየ ማምለጫ መንገድም አልነበረውም። ከዚህና ከሌሎችም አደጋዎች በኋላ የአውሮፓ ኅብረት በ1996 ዓ.ም. ከ500 ሜትር ለሚበልጡ የዋና መንገድ ዋሻዎች መመሪያ አወጣ፤ በአዳዲሶቹ ውስጥ የማምለጫ በሮች ርቀት ከ500 ሜትር እንዳይበልጥ፣ ሌላ መፍትሔ እስካልታጣ ድረስም ዳገቱ ከ5 በመቶ እንዳያልፍ ደነገገ። ዳገት ሲበዛ መኪና ይግላል፣ ጭሱ ይበዛል፣ እሳት ሲነሣም ጭሱ እንደ ጭስ መውጫ ወደ ላይ ይሮጣልና።

በቦስተን ከተማ ደግሞ በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. ከከተማው ዋሻ ጣሪያ የአርማታ ሰሌዳዎች ወድቀው አንዲት ተሳፋሪ ገደሉ። ሰሌዳዎቹን የያዙት ብሎኖች በአርማታው ውስጥ የታሰሩት በማጣበቂያ ነበር፤ ማጣበቂያውም ዘወትር በሚጎትተው ሸክም ቀስ በቀስ እየለቀቀ ሄደ። የዓለም ታላላቅ ከሚባሉት የከተማ መንገድ ሥራዎች አንዱ በዚህች በማታስተዋል ነገር ስሙ ጎደፈ። ሥራን ከተረከቡ በኋላ ዘወትር መመልከት የግንባታው አካል ነው እንጂ ትርፍ ነገር አይደለም።

ከላይ ያለው መንገድ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ዋሻው መልካም ሆኖ ቢሠራም፣ ከአፉ የሚወጣው መኪና ወዴት ይሄዳል?

በአውስትራሊያ በሲድኒ ከተማ በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. ሮዜል የተባለው የመሬት ውስጥ ማሳለጫ ለትራፊክ ተከፈተ። ዋሻዎቹ በተለያየ ጥልቀት እየተጠላለፉ የሚያልፉበት፣ በሞያው ዓለም እጅግ ውስብስብ ከሚባሉት ሥራዎች አንዱ ነው። በተከፈተበት ሳምንት ግን በዙሪያው ያሉት የላይኛው መንገዶች በመኪና ታፈኑ፤ የአካባቢው ነዋሪ ከሰፈሩ ለመውጣት ተቸገረ። ከየአቅጣጫው የመጡት ብዙ መስመሮች ወደ አንድ ድልድይ ጥቂት መስመሮች መጥበብ ነበረባቸውና። ከምድር በታች የተደረገውን ሁሉ ልክ አስቦ የሠራ ሞያ፣ ከዋሻው አፍ ውጭ ባሉት ጥቂት መቶ ሜትሮች ተፈተነ።

እኛም ከዚህ የምንማረው ብዙ ነው። ዋሻ መኪናን አያጠፋም፤ ከአንድ ሥፍራ ወደ ሌላ ሥፍራ ያስተላልፈዋል እንጂ። የአንድ መስቀለኛ መንገድ መጨናነቅ በዋሻ ቢቃለል፣ ያው ሰልፍ በሚቀጥለው አደባባይ ሊቆም ይችላል። ስለሆነም የዋሻው ንድፍ የሚጀምረው ከዋሻው አይደለም፤ በሁለቱም ወገን ካሉት ቀጣይ አደባባዮችና መገናኛዎች ነው። የሚቀላቀሉ መኪናዎች ፍጥነታቸውን ለማስተካከል የሚበቃ ርዝመት ያስፈልጋቸዋል። ከጨለማ ወደ ፀሐይ የሚወጣ ሾፌር ዓይኑ እስኪለምድ ድረስ መታጠፊያ ሊያጋጥመው አይገባም። የታክሲና የአውቶቡስ መቆሚያ ከአፉ ራቅ ማለት አለበት። አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና በተጨናነቀው ወገን ሳይሆን በሌላው ወገን የሚደርሱበት መንገድ አስቀድሞ መለየት ይኖርበታል።

ወደ ዋግ ስንመለስ

ክቡራትና ክቡራን፤

በዋግ ኽምራ የከተማ ዋሻ የለም። ይሁንና ስለ አፍና ስለ ውኃ የተናገርሁት ሁሉ በዚያ ተራራ ላይ በየኪሎ ሜትሩ ይገኛል። የዋግ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ንጣፍ በንጣፍ የተሠራ ነው። በጠንካሮቹ ንጣፎች መካከል የላላ ቀይ አፈር ይገኛል። መንገድ ሲቆረጥ ጠንካራውን ድንጋይ አይተን ደስ ይለናል፤ የክረምት ውኃ ግን በዚያ በላላው ንጣፍ ላይ ተንሸራቶ ይወጣና ቆረጣችንን ከሥር ይበላዋል። ከዋግ ኽምራ ቆላ በሚያዋስነው በተከዜ ሸለቆ እንኳ፣ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውና 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ሲሠራ፣ በሚያዝያ ወር 2000 ዓ.ም. ታላቅ የመሬት መንሸራተት ደርሶ ያልታሰበ የድጋፍ ግንብ መጨመር ግድ ሆኗል።

ስለ ራሴም አንድ ነገር ልናገር። ሥራ በጀመርሁ በጥቂት ዓመት ውስጥ በዚያው አውራጃ በአንድ የገጠር መንገድ ላይ ተቈጣጣሪ መሐንዲስ ነበርሁ። በአንድ ሸለቆ አፍ ላይ ንድፉ 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ቱቦ ያሳያል። በበጋ ስናየው ሸለቆው ደረቅ ነበር፤ ፍየሎች ይውሉበታል። ቱቦው ሲቀበር አንድ አዛውንት ገበሬ መጥተው በኽምጣንጋ «ልጄ፣ ይህ ሸለቆ ውኃ ብቻ አይደለም የሚያወርድ፤ ድንጋይና ግንድ ያወርዳል። ይህች ቀዳዳ አታሳልፈውም» አሉኝ። እኔም «አባቴ፣ ተሰልቷል፤ አይስጉ» አልኋቸው። ለውኃው መጠን በእርግጥ ተሰልቶ ነበር። ለድንጋዩና ለግንዱ ግን አልተሰላም ነበር። የመረከቢያውን ወረቀት ፈረምሁ።

በመጀመሪያው ክረምት፣ በነሐሴ ወር፣ አንድ ሌሊት ዘነበ። የቱቦው አፍ በድንጋይና በግንድ ተደፈነ፤ ውኃው መሄጃ ሲያጣ በመንገዱ ጎን ቦይ ወርዶ ሙሌቱን ቆርጦ ጣለው። መንገዱ ዘጠኝ ቀን ተዘጋ። በአራተኛው ቀን አንዲት ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ተሸክመው አመጡ፤ አምቡላንሱ በወዲያኛው ማዶ ቆሞ ነበር። ገደሉን ዞረው እስኪያሻግሯት ግማሽ ቀን ፈጀ። እናቲቱ ተረፈች፤ ሕፃኑ ግን አልተረፈም።

ይህን የምናገረው ጥፋቱን በሌላ ላይ ለመጣል አይደለም፤ የፈረምሁት እኔ ነኝ። በሚቀጥለው በጋ ቱቦው ወጥቶ ጎርፍ ከነድንጋዩ በላዩ የሚያልፍበት ሰፊ የአርማታ መሻገሪያ ተሠራ። ከቱቦው እጅግ የበለጠ ወጪ አልጠየቀም። አዛውንቱ መጥተው አዩት። አልወቀሱኝም። ከላይ በኩል ጎርፉ ዳር ዳሩን እንዳይቦረቡር ድንጋይ የሚደረደርበትን ሥፍራ በበትራቸው አሳዩኝ፤ በዚያም ደረደርን።

የዋግ ሕዝብ የመንገድን ዋጋ ከማንም ይልቅ ያውቃል። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜ እህል ፍለጋ ተራራውን በእግሩ አቋርጦ ወደ ኮረም ተሰዷል። በ2013ና በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ጊዜም መንገድ ሲዘጋ መድኃኒትና እህል እንዴት እንደሚርቅ እንደገና አይቷል። ለእንዲህ ያለ ሕዝብ ዘጠኝ ቀን የተዘጋ መንገድ የሪፖርት አንድ መስመር አይደለም።

የማሳስባቸው ነገሮች

ንግግሬን ስደመድም ለማኅበራችን ሦስት ነገሮችን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ የመሬት ጥናት ከግንባታው ገንዘብ የሚቀነስበት የመጀመሪያው ኪስ መሆኑ ይቅር። በከተማ ዋሻም ሆነ በገጠር ቆረጣ፣ የጥናት ጉድጓድ ሳይቈፈር የተቆረጠ ዋጋ የምኞት ዋጋ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት በእኛ ሞያ ሳይቈፈር በጥናት ማለት ነው።

ሁለተኛ፤ የዋሻው አፍና የላይኛው መገናኛ መንገድ ከዋሻው ጋር በአንድ ንድፍ፣ በአንድ ውልና በአንድ ጊዜ ይሠራ። ሪባን ሲቆረጥ የእግረኛው ድልድይ፣ የጎርፉ ቦይና ቀጣዩ አደባባይ «በሁለተኛው ምዕራፍ ይሠራል» ተብሎ የቀረ እንደ ሆነ፣ ሥራው ተጠናቋል ብለን ፊርማችንን አናኑር።

ሦስተኛ፤ ንድፍ ከመጽደቁ በፊት በዚያ ምድር ላይ የኖረ ሰው ይጠየቅ፤ መልሱም በጽሑፍ ከንድፉ ጋር ይያያዝ። የቄራ ነዋሪ በየክረምቱ የትኛው ቤት ውኃ እንደሚገባበት ያውቃል፤ የዋግ ገበሬ የትኛው ሸለቆ ድንጋይ እንደሚያወርድ ያውቃል። የእኛ ስሌት ይህን እውቀት ሲጨምር ይጠነክራል እንጂ አይዋረድም። እኔ ያን ቀን አንድ ገጽ ማስታወሻ ጽፌ ብይዝ ኖሮ፣ ያ ቱቦ አይቀበርም ነበር።

አንድ ቀን በዋግ ተራራም ዋሻ ይቈፈር ይሆናል። ያን ጊዜ ከእኛ መካከል የሚሄደው መሐንዲስ ቆፋሪውን መኪና ከማዘዙ አስቀድሞ፣ በሁለቱም አፎች ላይ አንድ ክረምት ቆሞ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ይመልከት ብዬ አደራ እላለሁ።